«ጥልቀት 40» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርና የቼዝ ወዳጅ ናቸው። ሚሚ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሥራዋ ሶፍትዌር ነው። ክርክሩን ያስነሣው ጋሼና አንድ የድሮ ባልደረባቸው አልስማማ ያሉበት የቼዝ አቋም ነው።

ጋሼ፦ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። የሱ ስልክ «ጥልቀት 22» ብሎ ፈረሱን አንቀሳቅስ ይላል። የኔ ኮምፒዩተር «ጥልቀት 40» ብሎ ሩኩን ይመርጣል። አርባ ከሃያ ሁለት ይበልጣል፤ ከዚህ በኋላ ምን ክርክር አለ?

ሚሚ፦ የተጠቀማችሁት ፕሮግራም አንድ ዓይነት ነው?

ጋሼ፦ የኔ ስቶክፊሽ ነው። የሱ ሌላ ነው፤ ስሙን አላየሁትም። ታዲያ ምን ለውጥ አለው? ጥልቀት ያው ጥልቀት ነው።

ሚሚ፦ ለውጡማ እዚያ ላይ ነው ጋሼ። ያ ቁጥር ምን ተቆጥሮ የመጣ ይመስልዎታል?

ጋሼ፦ ወደ ፊት ስንት እርምጃ እንዳየ ነዋ! አርባ እርምጃ አርቆ አይቷል።

ሚሚ፦ አርባ እርምጃ የማን? ሰው «ሦስት እርምጃ አስቀድሜ አየሁ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው የራሱን ነው፤ የተጋጣሚው መልስ ሳይቆጠር መሀል ይገባል። ፕሮግራም ግን የነጭንም የጥቁርንም ለየብቻ ይቆጥራል። አንደኛው ወገን አንድ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ አንድ ፕላይ ይባላል። ስሙን ያስለመደው አርተር ሳሙኤል ነው፤ በፈረንጆቹ 1959 ስለ ዳማ ፕሮግራሙ በጻፈው ጽሑፍ። ስለዚህ የእርስዎ 40 ቼዝ ተጫዋች ወረቀት ላይ በሚመዘግብበት አቆጣጠር 20 ዙር ነው።

ጋሼ፦ ሃያ ዙርስ ቢሆን!

ሚሚ፦ እዚያው መስመር ላይ «ማት በ5» የሚል ካዩ ግን ያ 5 ዙር ነው እንጂ ፕላይ አይደለም። ፕሮግራሞቹ ከስክሪኑ ጋር የሚነጋገሩበት ዩሲአይ የሚባል ስምምነት አለ፤ ሩዶልፍ ሁበርና ሽቴፋን ማየር-ካህለን በ2000 ያወጡት። ጥልቀቱ በፕላይ፣ ማቱ በዙር እንዲጻፍ ያደረገው እሱ ነው። አንድ መስመር ላይ ሁለት መለኪያ።

ጋሼ፦ እሺ፣ ይሄ የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ ለሁለት አካፍዬ እገላገለዋለሁ። እኔ ሃያ፣ እሱ አሥራ አንድ። አሁንም እበልጠዋለሁ።

ሚሚ፦ እርስዎ የሂሳብ መምህር ነዎት። አንድ ማሽን ይህን ያህል ርቀት ሁሉንም ነገር አይቶ መጨረስ ይችል እንደሆነ ራስዎ ያስሉት።

ጋሼ፦ ወረቀቱን አቀብዪኝ። መነሻው ላይ ነጭ 20 ምርጫ አለው፤ 16 በወታደሮቹ፣ 4 በፈረሶቹ። ጥቁርም 20። ሁለት ፕላይ ላይ 400 ደረስን።

ሚሚ፦ ሦስት ላይ 8,902 ነው። አራት ላይ 197,281፤ አምስት ላይ 4,865,609፤ ስድስት ላይ 119,060,324።

ጋሼ፦ በቃልሽ?

ሚሚ፦ የቼዝ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሕጋዊ እርምጃዎችን የሚያወጣው ኮድ ትክክል መሆኑ የሚፈተሸው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። አንዲት ብትጎድል የሆነ ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ንጉሡና ሩኩ ቦታ በሚለዋወጡበት ወይም ወታደር በማለፍ ላይ ሳለ በሚበላበት ሕግ ላይ፣ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ጋሼ፦ ስድስት ላይ 119 ሚሊዮን። መሀል ጨዋታ ላይ ምርጫው ይበዛል፤ በአማካይ 30 እንበል።

ሚሚ፦ ክሎድ ሻነንም በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ የያዘው እሱኑ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ነው የቼዝ ጨዋታዎችን ብዛት ከ1 ቀጥሎ 120 ዜሮ ባለው ቁጥር የገመተው።

ጋሼ፦ አርባውን ተዪው፤ 30 ፕላይ ይብቃኝ። ሠላሳን በራሱ ሠላሳ ጊዜ ስናባዛ 2 ጽፈሽ ከኋላው 44 ዜሮ ትደረድሪያለሽ። ኮምፒዩተሩ በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን አቋም ያያል ብለን ብንለግሰው... በዓመት ስመልሰው ከ6 በኋላ 28 ዜሮ። የጠፈር ተመራማሪዎቹ ለዓለም የሚሰጧት ዕድሜ እንኳ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው።

ሚሚ፦ የእርስዎ ኮምፒዩተር «ጥልቀት 30» ያለውስ ስንት ቆይቶ ነው?

ጋሼ፦ ቡናው ሳይፈላ።

ሚሚ፦ እንግዲህ።

ጋሼ፦ አትቸኩዪ። አልፋ-ቤታ የሚሉት ዘዴ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጥቅም የሌለውን ሳያይ የሚያልፍበት።

ሚሚ፦ አለ። እርስዎ አንድ እርምጃ አሰቡ እንበል፤ ተጋጣሚዎ ንግሥትዎን የሚበላበት አንድ መልስ አገኙ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን 29 መልሶች መመርመር ምን ይጠቅማል? እርምጃው ወድቋል። ይህ ዓይነቱ ቆረጣ የመጨረሻውን ውጤት በፍጹም አይለውጠውም፤ ሁሉንም ቢያይ የሚደርስበት ላይ ነው የሚደርሰው። ዶናልድ ክኑዝና ሮናልድ ሙር በ1975 በሂሳብ እንዳሳዩት፣ ጥሩው እርምጃ ሁልጊዜ ቀድሞ ከታየ ልፋቱ ወደ ግማሽ ጥልቀት ይወርዳል። 30 ፕላይ፣ ያለ ቆረጣ 15 ፕላይ የሚፈጀውን ሁለት እጥፍ ገደማ ይፈጃል።

ጋሼ፦ ሠላሳን አሥራ አምስት ጊዜ... ሁለት እጥፍ... በሴኮንድ መቶ ሚሊዮን። ዘጠኝ ሚሊዮን ዓመት። ከቅድሙ በጣም ይሻላል፤ ግን አሁንም ቡናው ይበርዳል።

ሚሚ፦ ከጥልቀቱ አጠገብ ሌላ ቁጥር አለ፤ ፕሮግራሙ ያያቸው አቋሞች ብዛት፣ ኖድ የሚሉት። ጥልቀት 30 ላይ ሲደርስ ስንት ይላል?

ጋሼ፦ 30 ሚሊዮን አካባቢ።

ሚሚ፦ ሠላሳኛ ሥሩን ያውጡልኝ።

ጋሼ፦ ሎጋሪዝሙ 7.48፤ ለሠላሳ ሲካፈል 0.249፤ ሲመለስ 1.77። ቆይ ቆይ። በየደረጃው በአማካይ ሁለት እርምጃ እንኳ አልተከተለም ማለት ነው?

ሚሚ፦ በቅድሙ የስድስት ፕላይ ቁጥር ላይ ይህንኑ ቢያደርጉ 22 ገደማ ያገኛሉ። እዚያ ሁሉም ተቆጥሯል።

ጋሼ፦ አልፋ-ቤታ ብቻውን የሠላሳን ካሬ ሥር ነው የሚሰጠኝ፤ 5.5 ገደማ። ከ5.5 ወደ 1.77 ያወረደው ማነው? ያ ልዩነት በየደረጃው ሲባዛ የትየለሌ ነው።

ሚሚ፦ ጥያቄው ይሄ ነው። አልፋ-ቤታ የሚቆርጠው በማረጋገጫ ነው። ቀሪው የሚቆረጠው ግን በግምት ነው። ፕሮግራሙ በአንድ አቋም ላይ ያሉትን እርምጃዎች ተስፋ እንዳላቸው መጠን ይደረድራል፤ ምርኮዎች፣ ቀደም ሲል በተመሳሳይ ቦታ የሠሩ እርምጃዎች ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች በሙሉ ጥልቀት ይመረምራል። ወደ ኋላ የተሰለፉትን ይቀንስባቸዋል። አሥራ ሁለት ፕላይ የቀረው ከሆነ ሃያኛው ተራ ላይ ያለው እርምጃ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ሊደርሰው ይችላል። ያ አጭር ፍለጋ ያልተጠበቀ ጥሩ ነገር ካሳየ ተመልሶ በሙሉ ያየዋል። ካላሳየ ጉዳዩ ተዘጋ።

ጋሼ፦ በሰባት የታየው «12» ተብሎ ተቆጠረ?

ሚሚ፦ አዎ። ሌላም አለ። አቋሙ በጣም ጥሩ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ የራሱን ተራ ዘልሎ ተጋጣሚው ሁለት ጊዜ በተከታታይ እንዲያንቀሳቅስ ይፈቅድለታል። ይህም ሆኖ ካልተጎዳ፣ «እዚህ መቆየት አያስፈልግም» ብሎ ቅርንጫፉን በአጭሩ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራው ማንኛውም እንቅስቃሴ ጉዳት በሚሆንበት አቋም ነው፤ እዚያ ተራ መዝለል ራሱ ሕልም ነዋ!

ጋሼ፦ ታዲያ «30» ብሎ ስክሪን ላይ የሚለጠፈው የየትኛው ነው?

ሚሚ፦ የፍለጋው ዙር ነው፤ ቅድም ካልነው የቼዝ ዙር ሌላ ነው። ፕሮግራሙ በአንዴ ሠላሳ ላይ አይዘልም። መጀመሪያ በ1 ያያል፤ ጨርሶ በ2 ከሥር ይጀምራል፤ ከዚያ በ3። በ1970ዎቹ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ስሌትና ላሪ አትኪን በፕሮግራማቸው ያስለመዱት አካሄድ ነው። የሚያባክን ይመስላል፤ ግን ያለፈው ዙር የሚቀጥለውን ዙር ቅደም ተከተል ስለሚያስተካክልለት ይቆጥባል። እና «ጥልቀት 30» ማለት ሠላሳኛውን ዙር ያዘ ማለት ነው። በዚያ ዙር ውስጥ ለየትኛው እርምጃ ስንት ደረሰው የሚለው የፕሮግራሙ የውስጥ ጉዳይ ነው።

ጋሼ፦ ስለዚህ በድሮ ገበያ እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ክንድ እንደሚለካው ጨርቅ ነው በይኛ። አሥር ክንድ አሥር ክንድ ነው፤ ግን የማን ክንድ?

ሚሚ፦ ክንዱም ቢሆን በየቅጂው ይለወጣል። ዘንድሮ የወጣው ስቶክፊሽ ከዓመታት በፊት ከወጣው ጋር በአንድ «30» አይለካም። ቅነሳው ሲጠነክር ቁጥሩ ይጨምራል።

ጋሼ፦ ቁጥሩ ያጋንናል ማለትሽ ነው።

ሚሚ፦ ያሳንሳልም። በፕሮግራሙ ስሌት ጥልቀቱ አልቆ ዜሮ ሲደርስ እዚያው ቆሞ ነጥብ ቢሰጥ ምን እንደሚሆን ያስቡ። በመጨረሻው ፕላይ ላይ ንግሥቲቱ አንድ ወታደር በላች፤ ፕሮግራሙ «አንድ ወታደር አተረፍኩ» ይላል። በሚቀጥለው ፕላይ ንግሥቲቱ እንደምትበላ አላየም። ሃንስ ብርሊነር የአድማስ ችግር ያለው ይህን ነው፤ ከአድማሱ ወዲያ ያለው አደጋ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ፕሮግራሞች ዜሮ ከደረሱ በኋላም ምርኮ ምርኮውን እየተከተሉ አቋሙ እስኪረጋጋ ይወርዳሉ። ያ መውረድ በጥልቀቱ ውስጥ አይቆጠርም። ላቅ ያለ አስገዳጅ መስመር ሲያገኙ ደግሞ ሆን ብለው ያስረዝሙታል።

ጋሼ፦ ከጥልቀቱ ጎን በሰረዝ የሚታየው ሁለተኛ ቁጥር፣ «30/46» የሚለው?

ሚሚ፦ እሱ ነው። 46 በዚያ ዙር የተደረሰበት እጅግ የራቀው ነጥብ ነው፤ አንዲት ቅርንጫፍ እዚያ ደርሳለች ማለት ብቻ ነው። ሁለቱ መሀል ላይ ስንት ቅርንጫፍ በ12፣ ስንት በ20 እንደቆመ የሚነግርዎት ቁጥር የለም።

ጋሼ፦ አሁን አንድ ጨዋታ አስታወስሽኝ። ሊናሬስ፣ ስፔን፣ 1998። ቶፓሎቭ ነጭ፣ ሺሮቭ ጥቁር። ጨዋታው ወደ ማብቂያው ነው፤ ለየወገናቸው አንዳንድ ቢሾፕ ቀርቷቸዋል፤ የአንደኛው በነጭ ሳጥን፣ የሌላው በጥቁር ሳጥን የሚሄድ። ሺሮቭ አራት ወታደር አለው፣ ቶፓሎቭ ሁለት። እንዲህ ያለ አቋም ሁለት ወታደር ብትበልጪም ብዙ ጊዜ በአቻ ያልቃል፤ ቢሾፖቹ አይገናኙማ። ሺሮቭ በ47ኛው እርምጃ ቢሾፑን ከኤፍ5 አንሥቶ ኤች3 ላይ አስቀመጠው። የነጩ ወታደር እንዲበላው! በነጻ!

ሚሚ፦ ለምን?

ጋሼ፦ ለንጉሡ መንገድ ሊከፍት። የጥቁሩ ንጉሥ ኢ4 መድረስ አለበት። መንገዱ ኤፍ5 ነው፤ እዚያ የተገተረው ደግሞ የገዛ ቢሾፑ። ቢሾፑን ወደ ሌላ ቦታ ቢያነሣው የነጩ ንጉሥ በኤፍ2 አድርጎ ኢ3 ላይ ይቀድመውና በሩን ይዘጋበታል። ኤች3 ላይ ሲጥለው ግን ነጭ ቢበላው አንድ እርምጃ አባከነ። ባይበላው ቢሾፑ ጂ2 ያለውን ወታደር ንጉሡን እያስፈራራ ይበላና እዚያው ይሸጣል፤ የጥቁሩ ንጉሥ ኢ4 ይገባል። ቶፓሎቭ በላው። የሺሮቭ ንጉሥ ኢ4 ደረሰ፣ በኤና በዲ ረድፍ ያሉት ሁለት ወታደሮቹ ተራራቁ፣ የነጩ ቢሾፕ ሁለቱንም መጠበቅ አቃተው። ስድስት ዙር ቆይቶ ቶፓሎቭ እጅ ሰጠ። በዚያ ዘመን የነበሩት ፕሮግራሞች ይህን እርምጃ አላገኙትም እየተባለ ስንቱ መጽሔት ጽፎለታል።

ሚሚ፦ ቅድም ባልኩት ቅደም ተከተል ውስጥ ይህ እርምጃ የት ይሰለፋል?

ጋሼ፦ ምርኮ አይደለም። ቢሾፕ ያስበላል። ከመጨረሻዎቹ።

ሚሚ፦ ስለዚህ ትልቁ ቅነሳ የሚደርሰው እሱን ነው። በአጭሩ ሲታይ የሚታየው ምንድን ነው? ቢሾፕ ጠፋ፣ ወታደሮቹ ገና ሩቅ ናቸው። ትርፉ የሚመጣው ከብዙ ፕላይ በኋላ ነው፤ ፍለጋው እዚያ ሳይደርስ ቆሟል። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች በጣም የተሻሉ ናቸው፤ ቢሆንም ስክሪኑ «ጥልቀት 20» ሲል ለዚህች እርምጃ ሃያ ፕላይ ተሰጥቷታል ብለው እንዳያምኑ። የሚያገኛት ዙሩ እየጨመረ ሄዶ፣ ለኋለኞቹ የሚደርሳቸው ድርሻ ሲያድግ ነው።

ጋሼ፦ ሺሮቭስ ስንት ፕላይ አየ? እሱም እኮ ሁሉንም አላየም። «ንጉሡ ኢ4 ከገባ ያልቃል» ብሎ ከግቡ ወደ ኋላ ነው ያሰበው። ጋዜጠኛ ቢጠይቀው የሚሰጠው ቁጥርም ከናንተ ማሽን ቁጥር የተሻለ እውነት አይሆንም ነበር። በዚህ ማሽኑን ብቻ አትውቀሺ።

ሚሚ፦ ተቀብያለሁ።

ጋሼ፦ ወደ ዲፕ ብሉ ልውሰድሽ። ግንቦት 1997፣ ኒው ዮርክ፣ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 ያሸነፈው። ያኔ 12 ፕላይ ያያል ይባል ነበር። የኔ ስልክ እንኳ በጥቂት ሴኮንድ 20 ያልፋል። ስልኬ ከዲፕ ብሉ አርቆ ያያል?

ሚሚ፦ ስልክዎ ያሸንፈዋል፤ ይህ አያጠራጥርም። ግን በ20ና በ12 ልዩነት አይደለም። ዲፕ ብሉ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ 480 ቺፖች ነበሩት፤ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቋም ያይ ነበር። ያን ተራ የመዝለል ቆረጣ አይጠቀምም፤ ስለዚህ የሱ 12 ሰፊ 12 ነበር። አስገዳጅ የሆኑ መስመሮችን ደግሞ ከዚያ ብዙ አርቆ ይከተል ነበር። የስልክዎ 20 ጠባብ 20 ነው። የሥራ መዝገቡን ያዩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ክርክር ነበራቸው፤ ጥልቀቱ በሁለት ቁጥር ነበር የተጻፈው፣ አንደኛው በቅንፍ። የሶፍትዌሩና የቺፖቹ ድርሻ ይደመር ወይስ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አጠቃሎ ይዟል እያሉ ይነታረኩ ነበር።

ጋሼ፦ የዓለም ሻምፒዮን ያሸነፈ ማሽን ምን ያህል እንዳየ እንኳ አልተስማሙም!

ሚሚ፦ ሊላ የሚባለውን ፕሮግራም ካዩ ደግሞ ጭራሽ ይገርምዎታል። እሱ እንደ ስቶክፊሽ ዙር በዙር አይሄድም፤ የአልፋዜሮን መንገድ የተከተለ ነው። አልፋዜሮ በ2018 በወጣው ጥናት በሴኮንድ 60 ሺህ ገደማ አቋም ብቻ እያየ፣ 60 ሚሊዮን ገደማ የሚያየውን ስቶክፊሽ ያሸነፈው ነው። ሊላ «ጥልቀት» ብሎ የሚያሳየው የወረደባቸውን መንገዶች ሁሉ ርዝመት አማካይ ነው። 12 ሊል ይችላል፤ አንዱ መንገድ ግን 40 ሄዷል። የጓደኛዎ ስልክ ላይ ያለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከሆነ 22 ማለት እጅግ ሩቅ ነው።

ጋሼ፦ አማካይና የዙር ቁጥር ልናወዳድር ነበር እንግዲህ። ተማሪ ቢሆን ዜሮ እሰጠዋለሁ። ... አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የኛ ሰንጠረዥ ትዝ አለኝ። አጀማመሩን ታውቂያለሽ? ወረራ ይሉታል። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈቀደው ፍጥነት መሣሪያዎቻቸውን ያሰልፋሉ፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ። ተራ በተራ መሆን የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሚሚ፦ እዚያ ላይ ፕላይ መቁጠር አይቻልማ!

ጋሼ፦ ምኑን ትቆጥሪዋለሽ። ተጋጣሚው ስንት እንዳንቀሳቀሰ እንጂ ተራው የማን ነው የሚባል ነገር የለም። ፕላይ የሚባለው መለኪያ ከመጀመሪያው ተራ ያለበትን ጨዋታ ይፈልጋል።

ሚሚ፦ እንዲህ ያለውን ጨዋታ የሚጫወት ፕሮግራም መሥራት ራሱ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ጋሼ፦ ሥሪውና አስተምሪኝ። አሁን ግን ንገሪኝ፤ ጥልቀት ምንም ዋጋ የለውም ነው የምትዪው?

ሚሚ፦ አላልኩም። አንድ ፕሮግራም ከራሱ ጋር ሲወዳደር ትልቅ ዋጋ አለው። ኬን ቶምሰን፣ ዩኒክስን ከሠሩት አንዱ፣ በቤል ላቦራቶሪ ቤል የተባለውን ማሽኑን በተለያየ ጥልቀት ከራሱ ጋር አጫውቶ ነበር። በታችኞቹ ጥልቀቶች ላይ አንድ ፕላይ ሲጨመር ጥንካሬው በ200 የሬቲንግ ነጥብ ገደማ ያድግ ነበር። ከፍ እያሉ ሲሄዱ ትርፉ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም።

ጋሼ፦ ይኸው! አርባ ከሠላሳ ይበልጣል።

ሚሚ፦ ያው ፕሮግራም፣ ያው ቅጂ፣ ያው ኮምፒዩተር ከሆነ አዎ። ኮምፒዩተሩ እንኳ ይለያል። ስቶክፊሽ በአንድ ኮርና በስምንት ኮር «30» ሲል አንድ አይደለም፤ ኮሮቹ ሥራውን በሥርዓት አይካፈሉትም፣ ሁሉም ያንኑ ፍለጋ ትንሽ እየተለያዩ ይሮጡና ያገኙትን በጋራ ማስታወሻ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በስምንት ኮር የተደረሰበት 30 ሰፋ ያለ ነው። ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢያስኬዱት ሁለት የተለያየ ውጤት ሊያዩ ይችላሉ።

ጋሼ፦ አንዳንዴ ደግሞ ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀር ቁጥሩ እንደ ጉድ ይሮጣል፤ 50፣ 60።

ሚሚ፦ የማስታወሻው ሥራ ነው። አንድ አቋም በተለያየ ቅደም ተከተል ይደረስበታል፤ አንዴ የታየውን ፕሮግራሙ እንደገና አያየውም። ጥቂት መሣሪያ ሲቀር ደግሞ የሚመላለሱት በጣም ጥቂት አቋሞች ውስጥ ነው። ስለዚህ 60 ማለት እዚያ ትልቅ ነገር አይደለም። እንዲያውም ጠቅላላው ሰባት መሣሪያና ከዚያ በታች ሲሆን ፍለጋም አያስፈልግም፤ ሁሉም አቋም አስቀድሞ ተሰልቶ ሠንጠረዥ ውስጥ ተቀምጧል። ሠንጠረዡ ከተጫነለት ማየት ብቻ ነው።

ጋሼ፦ እሺ፣ ለዚያ ሰውዬ ምን ብዬ ልመልስለት? ፈረሱ ወይስ ሩኩ?

ሚሚ፦ ጥልቀቱን ትታችሁ አምስት ነገር ተላላኩ፦ የፕሮግራሙን ስምና ቅጂ፣ ስንት ደቂቃ እንደሠራ፣ ስንት አቋም እንዳየ፣ የሰጠውን ነጥብና ሙሉውን መስመር። ከዚያ እርስዎ የሱን ፈረስ ሠሌዳው ላይ ያንቀሳቅሱና ፕሮግራሙን ከዚያ አቋም ላይ ይጀምሩት። አሁን ፈረሱ ከኋላ ተሰልፎ አይደለም፤ ፍለጋው የሚነሣው ከሱ ነው፣ ሙሉው ጊዜ ለሱ ነው። ጠንካራ መልስ ካላገኘበት የጓደኛዎ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። የሺሮቭም እርምጃ ቢሆን በዚህ መንገድ ነው የሚፈተሸው።

ጋሼ፦ ነጥቡ ወዲያና ወዲህ ካለስ?

ሚሚ፦ ያ ከጥልቀቱ የበለጠ ይናገራል። በ24፣ በ27፣ በ31፣ በ36 ያው እርምጃና ተቀራራቢ ነጥብ ከሆነ ሊያምኑት ይችላሉ። በየዙሩ ምርጫውን የሚቀያይር ከሆነ 40ም ቢደርስ ገና አልወሰነም።

ጋሼ፦ የኔው ሩክ 37 ላይ ነው ብቅ ያለው። እስከ 36 ድረስ እሱም ፈረሱን ነበር የሚለው።

ሚሚ፦ ይህን ለጓደኛዎ ነግረውታል?

ጋሼ፦ አልጠየቀኝም።

ሚሚ፦ ጋሼ!

ጋሼ፦ እነግረዋለሁ፣ እነግረዋለሁ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ይህ ቁጥር እንዲህ የላላ ከሆነ ሠሪዎቹ ራሳቸው ፕሮግራማቸው መሻሻሉን በምን ያውቃሉ?

ሚሚ፦ በጨዋታ። ስቶክፊሽ ላይ አንድ ሰው ለውጥ ሲያቀርብ አዲሱና አሮጌው ቅጂ በእኩል ሰዓት ይጋጠማሉ፤ በፈቃደኞች ኮምፒዩተሮች ላይ፣ ብዙ ሺህ ጨዋታ። ከ2013 ወዲህ አሠራሩ ይኸው ነው። አዲሱ ካሸነፈ፣ የሚያሳየው ጥልቀት ከአሮጌው በሁለት ቢያንስም ይገባል። ከተሸነፈ፣ በአሥር ቢበልጥም ይጣላል።